ስለ ጤና ልማድ አጠያየቅ

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ሐኪም በሽተኛውን ጠይቆ መድኃኒቱን እንዲያገኝ፥ እንዲሁ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ስለ አበላሉ፥ ስለ አጠጣጡና ስለ ንጽሕናው ተጠይቆ እውነቱን ሲናገር የበሽታው መግቢያ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ የሚዘጋጀው የጥያቄ ወረቀት መጠይቅ ይባላል።

የመጠይቅ ጥቅም

በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ ሊቃውንት፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም.፥ ስለ ትንባሆ ማጨስ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ያለበትን ወረቀት ለአገሩ ሐኪሞች ላኩ። ጥያቄውም ዛሬ የሚያጨስ፥ አጭሶ የተወ፥ ከቶ ያላጨሰ የትኛው እንደ ሆነና የሚያጨስም ስንት እንደሚያጨስ ነበር። ከ40,000 የሚበልጡ ሐኪሞች መለሱ። ሊቃውንቱም መልሱን መዝግበው፥ ማን በምን በሽታ እንደ ሞተ እየተከታተሉ አስተያዩት። ምርመራው 50 ዓመት ቈየ። በመጨረሻም ማጨስን ሳይተዉ የኖሩት ወንዶች ከማያጨሱት ይልቅ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ፥ በ30 ዓመት ዕድሜው የተወ ግን ከዚህ ጕዳት ፈጽሞ ለመዳን እንደሚቀርብ ተገለጠ። ይህ ሁሉ የተገኘው ጥያቄው አጭርና ግልጥ ስለ ነበረ፥ መላሹም እውነቱን በመናገሩ የሚያፍርበት ነገር ስላልነበረ ነው።

የክፉ አጠያየቅ ጕዳት

እኔ ራሴ ባንድ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞርሁ ስጽፍ፥ «ልጆችዎ ፊታቸውን ይታጠባሉን?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም «እንዴታ!» አሉኝ፤ እኔም «አዎን» እያልሁ ጻፍሁ። በልጆቹ ዓይን ላይ ግን ዝንብ ሰፍሮ ነበር። ትራኮማ የተባለው ዓይን አጥፊ በሽታ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ እንደሚተላለፍ የታወቀ ነው። ኋላ አንዲት አሮጊት፥ «ልጄ፥ ውሃው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ የምንጠጣው ሳይበቃን በምን እንታጠብ?» አሉኝ። ይህን የምጽፍበት መስመር በወረቀቴ ላይ አልነበረም። ያ ወረቀት እንዲሁ ቢላክ ኖሮ ቀበሌው ውሃ እንደማያስፈልገው ይቈጠር ነበር። ጥፋቱም የጠያቂው እንጂ የመላሾቹ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ «ነውረኛ ነዎትን?» እንደ ማለት ነውና።

የመልካም አጠያየቅ ሥርዓት

፩ኛ፤ ቀን ወስኖ መጠየቅ ነው። «ይታጠባልን?» ከማለት ይልቅ «ትናንት ጧት ይህ ልጅ ፊቱን ታጥቦ ነበርን? ካልታጠበስ ምን ከለከለው?» ማለት ይሻላል።

፪ኛ፤ ባንድ ጥያቄ ሁለት ነገር አለመቀላቀል ነው። ሲጋራ ለብቻው፥ ጠላ ለብቻው፥ አረቄም ለብቻው ይጠየቅ።

፫ኛ፤ ሕዝቡ በሚያውቀው መስፈሪያ መጠየቅ ነው። ውሃ በእንስራ፥ ጠላ በጣሳ ይቈጠር፤ የመስፈሪያውም ልክ አስቀድሞ ይታይ።

፬ኛ፤ በዓይን የሚታየውን ማየት ነው። በአገራችን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ጠያቂዎቹ የእጅ መታጠቢያውን ስፍራ አሳዩን ብለው ውሃና ሳሙና መኖሩን አይተው ጽፈዋል።

፭ኛ፤ ምስጢር መጠበቅ ነው። መምህር ሆይ፥ ተማሪውን በጓደኞቹ ፊት አቁመህ ስለ አባቱ መጠጥ አትጠይቀው። ልጁ ቢዋሽ ሐሰት ታስተምረዋለህ፤ እውነቱን ቢናገር አባቱን ታዋርዳለህ። የመላሹ ስም አይጻፍ፤ መመለስ ያልወደደም አይገደድ።

ሥራው ሲፈጸም ድምሩ በሽማግሎች ፊት ይነበብ፤ ሕዝቡም ስለ ራሱ የተናገረውን ሰምቶ ምን እንዲደረግ እንደሚሻ ይምከር። ተጠይቆ መልሱ ያልተነገረው ሰው ሁለተኛ ሲጠየቅ እውነቱን አይሰጥምና።

ጥያቄ

፩. «ልጆችዎ ይታጠባሉን?» የሚለው ጥያቄ ስለ ምን ከእውነት አላደረሰም?
፪. በቀበሌያችሁ ስለ ውሃ አምስት ጥያቄ ጻፉ፤ እያንዳንዱም ማንንም የማያሳፍር መሆኑን መርምሩ።