ስለ ዕለት ድርሻ

በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ወንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ አለ። ከደብረ ታቦርና ከአካባቢው ደጋ፣ ከዚያም ከራቀ አገር፣ ሕመም የጸናባቸው ሰዎች ወደዚያ ይወርዳሉ። ወደ ወንዛዬ የወረደ ሰው ግን አንድ ጊዜ ገብቶ ወጥቶ፣ እንግዲህ ተፈወስሁ ብሎ በዚያው ቀን አይመለስም። ስንቁን ይዞ ይሰነብታል፤ ዛሬ ይገባል፤ ነገም ይገባል፤ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ስለ ሥጋው ይህን ያህል የሚታገሥ ሰው፣ የነፍሱ ነገር ሲሆን ትዕግሥቱን ወዴት እንደሚጥለው እጅግ ያስደንቀናል።

ዘመን ሲለወጥ ወይም ዐቢይ ጾም ሲገባ ብዙ ሰው ታላቅ ውሳኔ ይወስናል። ዳዊትን በሙሉ በየቀኑ እደግማለሁ፤ ሌሊቱን በስግደት አሳልፋለሁ፤ ከእንግዲህ ቁጣ ከአፌ አይወጣም ይላል። ከ55ቱ የጾም ቀናት ገና አሥሩ ሳይፈጸሙ ጉልበቱ ይደክማል። የከፋው መድከሙ አይደለም፤ ከድካሙ በኋላ የሚመጣው ነው። 150ውን መዝሙር መድገም ያቃተው ሰው አንዱንም መዝሙር ይተዋል። ከዚያም በነፍስ አባቱ ፊት መቆም ያሳፍረዋል፤ ካህኑ ወደ ቤቱ እንደሚመጣ ሲሰማ ምክንያት ፈጥሮ ይወጣል። ከንስሐ የሚርቀው ኃጢአትን ወድዶ ሳይሆን ከዐቅሙ በላይ ተሸክሞ ስለ ወደቀ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ያላገኘ ነፍስ አባት ያለ አይመስለንም።

ሶርያዊው ንዕማንም በተመሳሳይ ፈተና ሊወድቅ ነበር። ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ይታጠብ ዘንድ ቢልክበት፣ ነገሩ አንሶበት ተቆጥቶ ሊመለስ ተነሣ። ያዳኑት አገልጋዮቹ ናቸው፤ ከባድ ነገር ታዝዞ ቢሆን ኖሮ ያደርገው እንደ ነበረ አስረዱት። (ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5) እኛ ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር የሚመስለን፣ ንዕማን የተፈተነው በነገሩ ማነስ ብቻ ሳይሆን በቁጥሩም ጭምር ነው። ከሰባተኛው በፊት ስለ መንጻቱ መጽሐፍ አንዳች አይናገርም። በስድስተኛው ላይ ትቶት ቢሆን ኖሮ እንደ መጣ በተመለሰ ነበር።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የልጆችዋን ድካም ስለምታውቅ ጸሎቱን ለየዕለቱ ከፍላ ሰጥታናለች። መዝሙረ ዳዊት ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ የእሑዱ ድርሻ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል፤ ስንክሳሩም ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ ንባብ አለው። እስራኤልም በምድረ በዳ መናውን የለቀሙት ለዕለት በሚበቃው ልክ ነበር፤ ለሰንበት ከሚቀመጠው በቀር፣ ለነገ ብሎ ያሳደረ ሰው ተልቶ አገኘው።

ይህ ሥርዓት ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማየት የሚወድ፣ ከወንዛዬ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ደጋውን ይዞ ወደ ጋይንት ይሂድ። ዙር አባ በዝማሬና በመዋሥዕት እንደምትታወቅ፣ በጋይንት ያለችው ቤተልሔምም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ የድጓን ስፋት አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከዮሐንስ ጀምሮ የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት ሁሉ ዜማ የያዘ መጽሐፍ ነውና። መምህሩ ግን መጽሐፉን ሁሉ አይጭንበትም። የዛሬውን ይመራዋል፤ ተማሪው ይቀበላል፤ ይከልሳል፤ ቁራሽ ለመለመን በየደጁ ሲዞር እንኳ በልቡ ያመላልሰዋል። የትናንቱን በቃሉ ካልያዘ የዛሬው አይገባለትም። እንዲህ ሲል ዓመታት ያልፋሉ። ድጓን በአንድ ክረምት እዘልቃለሁ ብሎ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም፤ መምህሩም ፈገግ ብሎ የመጀመሪያውን መሥመር ይመራዋል።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ ያያት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ እንደ ወጣች ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወዲያው ወደ ድርሰት አልሄደም፤ ወደ አጎቱ ወደ አባ ጌዴዎን ተመልሶ ያቃተውን ያንኑ ትምህርት ቀጠለ እንጂ።

ይህን የምንጽፈው ለምእመናን ብቻ አይደለም፤ እኛም ካህናት ራሳችንን እንመርምር። በጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ቀን ሕፃኑም ሽማግሌውም ለኪዳኑ፣ ለውዳሴ ማርያሙ ትርጓሜና ለቅዳሴው ቤተ ክርስቲያኑን ይሞላዋል። ነሐሴ 17 ቀን ማለዳ ግን በብዙ አጥቢያ ኪዳን ሲደርስ ካህኑና ዲያቆኑ ከሁለት ከሦስት አሮጊቶች ጋር ይቀራሉ፤ ሰው ስላነሰም ጸሎቱን የምናቻኩል አለን። እነዚያ እናቶች ታላቅ ውሳኔ መወሰናቸውን ከቶ አልሰማንም። ደወሉን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፤ ነገም ይመጣሉ።

እንግዲህ ብዙ ለማድረግ የሚመኝ ሁሉ አስቀድሞ ከነፍስ አባቱ ጋር ይማከር። ነፍስ አባትም ቀኖና ሲሰጥ የሰውየውን ኑሮ ይመልከት፤ ከእርሻ ደክሞ የሚገባው ገበሬና ሌሊት ሕፃን የምታባብል እናት የመነኩሴን ሥርዓት አይችሉም። የዘወትር ጸሎትን ሳያቋርጥ የሚያደርስ፣ በእርሱም ላይ አንድ መዝሙር የሚጨምር ሰው፣ ጥቂት ጀመረ ተብሎ አይናቅ።

አንድ ቀን ቢያመልጥስ? ብዙዎች የሚሰናከሉት በዚህ ነው። የሰኞውን ያላነበበ ሰው፣ ዕዳዬን እከፍላለሁ ብሎ ማክሰኞ ስድሳ መዝሙር ሊደግም ያስባል። ማክሰኞም ሳይሆንለት ይቀራል፤ ረቡዕ ሰማንያ ይሆንበታል፤ በዚያው መጽሐፉን አጥፎ ያኖረዋል። እንዲህ ከሚሆን፣ ስለ ሰኞው ስንፍና እግዚአብሔርን ይቅርታ ይለምን፤ ለነፍስ አባቱም ይንገር። ማክሰኞ ግን ዳዊቱን ሲገልጥ ከ31ኛው መዝሙር ይጀምር።