ርካሽና መካከለኛ ታብሌትን ስለ መመዘን

ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ስሕተት ያገኘዋል። አንደኛው ዋጋው ስላነሰ ብቻ መውሰድ ነው፤ ሁለተኛው ዋጋው ስለ በዛ ብቻ ማመን ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም ዕቃው ምን ሥራ እንዲሠራ እንደሚፈለግ አስቀድሞ አለመጠየቅ ነው።

ታብሌት በጣት እየተነካ የሚሠራ፥ እንደ ተማሪ ሰሌዳ ጠፍጣፋ የሆነ፥ መጽሐፍ የሚነበብበትና ትምህርት የሚታይበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ዛሬ በገበያ ብዙ ዓይነት ስላለ፥ ወላጅም መምህርም አመራረጡን ማወቅ ይገባቸዋል።

፩. የአባትና የመምህር ምክር

በመቀሌ ከተማ በእንዳ ኢየሱስ አካባቢ የሚኖር አንድ አባት ነበረ እንበል። ልጁ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባትየው አንድ በሬ ሸጦ ገንዘቡን በእጁ ያዘና ወደ ትምህርት ቤቷ መምህር ሄደ።

«መምህር፥ ልጄ የምታነብበት ታብሌት ልገዛላት አስቤአለሁ። አንዱ ነጋዴ ርካሹን ውሰድ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ርካሽ ገዝተህ ከምትጸጸት እጥፍ ከፍለህ መካከለኛውን ውሰድ አለኝ። በሬው አንድ ነው፤ ብሳሳት ሌላ የምሸጠው የለኝም። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» አለው።

መምህሩም፥ «አቦይ፥ ከመምረጥዎ በፊት ይህን ኮረብታ ይመልከቱ» አለና በእንዳ ኢየሱስ የሆነውን ታሪክ አስታወሰው።

እንዳ ኢየሱስ ማለት በትግርኛ የኢየሱስ ቤት ማለት ነው፤ ስሙም ከቤተ ክርስቲያኑ የመጣ ነው። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በአምባ አላጌ ድል ከሆነ በኋላ፥ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ ጭፍራ በዚህ ስፍራ በነበረው ምሽግ ተቀመጠ። ምሽጉ በግንብና በመድፍ ብርቱ ስለ ነበረ ፊት ለፊት መውጋቱ ብዙ ሰው አስጨረሰ። ነገር ግን የምሽጉ ሰዎች የሚጠጡት ውሃ ከግንቡ ውጭ ነበረ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የኢትዮጵያ ጦር ምንጩን ያዘ፤ ምሽጉም በውሃ ጥም ተጨንቆ በጥር ወር እጁን ሰጠ።

«ሁሉ ግንቡን ያይ ነበር» አለ መምህሩ፤ «እቴጌ ግን ውሃው ከወዴት እንደሚመጣ ጠየቁ። ታብሌትም እንዲሁ ነው። መልኩና ዋጋው ግንቡ ነው፤ ውሃው ሌላ ነው።»

፪. የታብሌት ውሃ

መምህሩ ውሃ ያለው አራት ነገር ነው። እነርሱም ኤሌክትሪክ፥ ትምህርቱ የሚቀመጥበት ስፍራ፥ ሥራውን የሚያፋጥነው ራም፥ እንዲሁም የአምራቹና የጠጋኙ አገልግሎት ናቸው።

አንደኛ፥ ኤሌክትሪክ። በትግራይ ይህን ማንም ሊዘነጋው አይችልም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት ስልክ፥ ኢንተርኔት፥ መብራትና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠዋል። በብዙ ስፍራም ልጆች በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከተዘጋው ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያህል ርቀው ኖረዋል። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ነው። ስለዚህ ለልጅ የሚገዛ ታብሌት መብራት በጠፋ ቀን ምን ይሆናል ተብሎ መጠየቅ አለበት። አንድ ትልቅ ታብሌት 7000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያህል ባትሪ ሲኖረው፥ የሚይዘው ኃይል 27 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በእርግጥ 10 ዋት የሚሰጥ የፀሐይ ሰሌዳ ይህን ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ይበቃዋል። እንግዲህ ከታብሌቱ ዋጋ ተቆጥቦ የፀሐይ ሰሌዳ ቢገዛ፥ ገንዘቡ ውሃውን ገዛ ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ ትምህርቱ የሚቀመጥበት ስፍራ። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን የሚነበበው አስቀድሞ በታብሌቱ የተጫነው ብቻ ነው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ 50 ሜጋ ባይት ቢሆን፥ 20 መጻሕፍት 1000 ሜጋ ባይት፥ ማለት 1 ጊጋ ባይት ያህል ይሆናሉ። ይህ ጥቂት ነው። የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ትምህርት ግን 400 ሜጋ ባይት ቢሆን፥ 100 ሰዓት 40 ጊጋ ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ64 ጊጋ ባይት ያላነሰና ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ታብሌት መምረጥ ይገባል።

ሦስተኛ፥ ራም። ራም ታብሌቱ በሥራ ላይ ሳለ ነገሮችን ዘርግቶ የሚይዝበት ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን መጽሐፍ ለመግለጥ ሌላውን ማጠፍ ግድ ይሆናል፤ ተማሪውም በመጠበቅ ይሰለቻል። ለንባብና ለመልመጃ 4 ጊጋ ባይት ይበቃል፤ 2 ጊጋ ባይት ግን ዛሬ ያንሳል። መካከለኞቹ ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 8 አላቸው።

አራተኛ፥ አገልግሎት። አምራቹ የታወቀ ከሆነ የፕሮግራሙን ጉድለት የሚያርም አፕዴት ለጥቂት ዓመታት ይልካል፤ መስታወቱ ቢሰበር ወይም ባትሪው ቢደክም መለዋወጫው ይገኛል። ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ሲሰበር ጠጋኙም መለዋወጫ አያገኝለትም።

፫. ሁለቱን በምሳሌ ማነጻጸር

በ2016 ዓ.ም. ሳምሰንግ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ያወጣቸው ሁለት ታብሌቶች ለምሳሌ ይበቃሉ። ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ የተባለው ከርካሾቹ ወገን ነው፤ ባለ 11 ኢንች ሆኖ ስክሪኑ በ1920 በ1200 ነጥብ የተሠራ፥ ራሙም 4 ወይም 8 ጊጋ ባይት የሆነ ነው። ጋላክሲ ታብ ኤስ9 ኤፍኢ የተባለው ከመካከለኞቹ ወገን ነው፤ ስክሪኑ 2304 በ1440 ነጥብ፥ ራሙ 6 ወይም 8 ጊጋ ባይት ነው። መጻፊያ ብዕር አብሮት ይሰጣል፤ ውሃና አቧራም እንዳይገባበት ሆኖ ተሠርቷል። በአሜሪካ ሲወጡ የፊተኛው 220 ዶላር ያህል፥ የኋለኛው 450 ዶላር ያህል ነበሩ።

በኢትዮጵያ በዚህ ላይ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ይጨመራል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲቈጠር እጅግ ተወዷል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬና ለደመወዝተኛ ቀላል አይደለም።

ፊደልን ለማንበብ ሁለቱም ስክሪኖች ይበቃሉ። ነገር ግን በገበያ የሚገኙ 1024 በ600 ነጥብ ብቻ ያላቸው ትንንሽ ታብሌቶች አሉ፤ በእነርሱ ላይ «ቡ»ን ከ«ቢ» መለየት ዓይንን ያደክማል። የግእዝ ፊደል ልዩነቱ በጥቃቅን ቅጥያ ነውና፥ ለእኛ አንባቢዎች የስክሪን ጥራት ከፍ ያለ ነገር ነው።

አሁን በዓመት እናስላ። 220 ዶላር የተከፈለበት 4 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 55 ዶላር ይሆናል። 450 የተከፈለበት 6 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 75 ይሆናል። ስም የሌለው 100 ዶላር የተከፈለበት ግን በአንድ ዓመት ቢሞት፥ በዓመት 100 ዶላር አስከፈለ። ከዚህ ስሌት እንደሚታየው፥ ከሁሉ ርካሽ የመሰለው ከሁሉ ውድ ሊሆን ይችላል፤ ውዱም ሁልጊዜ አይረታም።

፬. ከዚህ በፊት የሆነው ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 የሕንድ መንግሥት አካሽ የተባለ እጅግ ርካሽ ታብሌት ለተማሪዎች አወጣ፤ ተማሪው የሚከፍለው 35 ዶላር ያህል እንዲሆን ታስቦ ነበር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ የመጀመሪያው ታብሌት ግን 256 ሜጋ ባይት ራም ብቻ ስለ ነበረውና ስክሪኑም በጣት ተጫን ካላሉት ስለማይሰማ ብዙ ወቀሳ አገኘው። ዋጋው ወረደ፤ ውሃው ግን አነሰ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ በወንጪና በወለንጪቲ መንደሮች፥ ማንበብ ለማያውቁ 40 ያህል ልጆች ሞቶሮላ ዙም የተባለ ታብሌት ሰጠ። ዙም በወጣበት ዘመን ከውዶቹ ወገን ነበረ፤ ራሙ ግን 1 ጊጋ ባይት ነው፤ ዛሬ ርካሽ የሚባለው አራት እጥፍ አለው። ልጆቹ መምህር ሳይኖራቸው ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በጥቂት ቀንም በብዙ ፕሮግራም ይጫወቱና ይማሩ ጀመር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር። ይህ እንዲሆን ያስቻለው የታብሌቱ ውድነት ብቻ አልነበረም። ባትሪው በፀሐይ ይሞላ ነበር፤ የመሙላቱንም ሥራ አዋቂዎቹ ተምረው ነበር፤ ትምህርቱ አስቀድሞ ተጭኖ ነበር፤ ሰውም እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይለውጥ ነበር። በዚያ ስፍራ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ውሃው ግን ተዘጋጅቶ ነበር።

፭. ፍርዱ

መምህሩ ይህን ሁሉ ካስረዳ በኋላ አባትየው፥ «እንግዲያው የትኛውን ልውሰድ?» አለ።

«ልጅዎ የምታነብና መልመጃ የምትሠራ ከሆነ፥ አምራቹ የታወቀውን ርካሽ ውሰዱላት፤ 4 ጊጋ ባይት ራምና 64 ጊጋ ባይት ስፍራ ይኑረው። በተረፈው ገንዘብ የፀሐይ ሰሌዳ፥ ጠንካራ ከቨርና ሚሞሪ ካርድ ግዙ። መካከለኛው የሚገባው በብዕር ሥዕልና ቀመር ለሚጽፍ፥ ረጅም ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ፥ ወይም በብዙ ልጆች እጅ ለሚዞር የትምህርት ቤት ታብሌት ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ቢገዛ መካከለኛውን እመክራለሁ፤ አንዱ ታብሌት በቀን ከብዙ እጅ ይገባልና። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በጀመረች ጊዜ ግን ለጽሑፍ ሥራ ኮምፒውተር ያስፈልጋታል፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለ ጀመረም በቁልፍ መጻፍን አሁኑኑ ትለማመድ።»

አባትየውም ጥቂት አሰበና፥ «ልጄ ግን ጎረቤቷ የያዘችውን ባለ ብዕሩን ትመኛለች፤ ይህን ብሰጣት አታዝንምን?» አለ።

መምህሩም፥ «ታዝን ይሆናል። ነገር ግን መብራት በጠፋ ሌሊት መጽሐፏን ስታነብ፥ ያቺ ጎረቤቷ ወደ እርስዋ መጥታ አብራ ታነባለች» አለው።

፮. ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፍተሻ

1. በሻጩ ፊት ታብሌቱን አብርቶ በማስተካከያው ክፍል ራሙንና የማስቀመጫ ስፍራውን ማየት። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ከስፍራው ተበድሮ የሚቈጠረውን ራም የሚጨምር ወይም ፈጽሞ ሐሰት ሊሆን ይችላል።
2. ትልቅ ፋይል ገልብጦ ሳይበላሽ መከፈቱን ማረጋገጥ።
3. በአማርኛና በትግርኛ ጽፎ፥ ፊደሎቹ ባዶ ሣጥን ሳይሆኑ መታየታቸውን መመርመር።
4. አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ከፍቶ ገጾቹ ፈጥነው መገለጣቸውን ማየት።
5. በከተማው ያለውን ጠጋኝ የዚህ ዓይነት መስታወትና ባትሪ ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ።
6. ቻርጀሩን ሰክቶ ባትሪው መሙላቱን ማየትና ደረሰኝ መቀበል።

አባትየው በዚህ መሠረት ገዝቶ ተመለሰ። በሬው በአንድ ቀን ተሸጠ፤ ጥቅሙ ግን ልጅቱ ባነበበች ቍጥር ይታያል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ግንቡ ብርቱ ሳለ ስለ ምን ተሸነፈ? ይህስ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ምን ያስተምረዋል?
2. አንድ ታብሌት 300 ዶላር ተገዝቶ 5 ዓመት ቢያገለግል በዓመት ስንት ይሆናል? ከላይ ከተሰሉት ጋር አነጻጽሩ።
3. በወንጪና በወለንጪቲ ኢንተርኔት ሳይኖር ትምህርቱ የተቻለው በምን ነበር?
4. በመንደራችሁ መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ፥ ትምህርታችሁ እንዳይቋረጥ አስቀድማችሁ ምን ታዘጋጃላችሁ?