ኳሷ ስለ ምን ቶሎ ትታጠፋለች?
ስለ ደረቅ ሌንና ስለ ቦውሊንግ ኳስ ገጽ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኳስ ገጽ ምን አገባው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ በምንመላለስበት መንገድ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ያከራከረን ጉዳይ ስላለ፥ በአፍ ብቻ ከሚቀር በጽሑፍ ቢቀመጥ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። ጉዳዩም ይህ ነው። ስድስት ሆነን በጋራ የምንጫወትባት አንዲት የቦውሊንግ ኳስ አለችን፤ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ከአሜሪካ ያመጣለት ናት። የምንጫወትበት ቤት ሌን ወደ ማታ ሲሆን ይደርቃል፤ ኳሷም ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ግማሾቻችን «በብርጭቆ ወረቀት እንፈግፍጋት» ይላሉ፤ ሌሎቻችን ደግሞ «እንወልውላት» እንላለን። ኳሷ አንዲት ናት፤ ከተበላሸች ምትክ የለንም።

ቦውሊንግ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። በአስመራ፥ አሜሪካኖቹ በቃኘው ጣቢያ በነበሩበት ዘመን የተሠራ የቦውሊንግ ቤት ነበረ፤ የወደቁትንም ፒኖች የሚያቆመው መኪና ሳይሆን የሰው እጅ ነበር። በአዲስ አበባ እንደ ላፍቶ ሞል ያሉ መዝናኛዎች ጨዋታውን ለእኛ ትውልድ አስተዋውቀውታል። ለአራዳ ልጅ ግን የቅርብ ዘመዱ ከረምቡላ ነው። የፒያሳ ከረምቡላ ተጫዋች አዲስ ጠረጴዛ ሲያገኝ ጨርቁን በመዳፉ ሳይዳስስ አይጀምርም፤ ያለቀ ጨርቅና አዲስ ጨርቅ አንዱን ኳስ በሁለት ፍጥነት እንደሚያስኬዱት ያውቃልና። በቦውሊንግ ያለው ምሥጢርም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ግን ሌኑን መዳሰስ አለመፈቀዱ ነው።

ሌን የሚባለው ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ፥ ማለት 18 ሜትር ከ29 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፥ ስፋቱም 1 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ወለል ነው። ከመስመሩ ጀምሮ ሁለት ሦስተኛው ያህል በቀጭን ዘይት ይቀባል፤ ወደ ፒኖቹ ያለው ቀሪው ክፍል ደረቅ ይተዋል። ዘይቱ በጥንት ጊዜ እንጨቱ እንዳይፋቅ የተደረገ ነበር፤ ዛሬ ግን የጨዋታው ግማሽ እርሱ ሆኗል። በዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅ። እያንዳንዱ ኳስ ባለፈ ቁጥር ጥቂት ዘይት ጠርጎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጠዋት የተቀባ ሌን ማታ ሌላ ሌን ነው። ቤቱ ቅባቱን የሚቆጥብ ከሆነማ ከጠዋቱም ደረቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የተወረወረ ኳስ መጀመሪያ ይንሸራተታል፥ ቀጥሎ ይታጠፋል፥ በመጨረሻም ይንከባለላል። በፊዚክስ ትምህርት አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ሳይሽከረከር የተወረወረ ድፍን ድቡልቡል ነገር መንሸራተቱን ትቶ በንጹሕ ሲንከባለል፥ ፍጥነቱ ከመነሻው 7 እጅ 5ቱ ብቻ ይሆናል። ወለሉ ደረቅም ሆነ ዘይታም ይህ አይለወጥም፤ የሚለወጠው እዚያ ለመድረስ የሚሄደው ርቀት ነው። ኳሱ በሴኮንድ 8 ሜትር ተወረወረ እንበል። የሰበቃው መጠን በዘይት ላይ 0.04 ያህል፥ በደረቅ ላይ 0.2 ያህል ቢሆን፥ በደረቁ ላይ 8 ሜትር ያህል ሄዶ መንሸራተቱን ያቆማል፤ በዘይቱ ላይ ግን ለማቆም 40 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ሌኑ ደግሞ 18 ሜትር ብቻ ነው! እውነተኛው ኳስ በውስጡ ድፍንና እኩል ስላልሆነ፥ ወርዋሪውም ስለሚያሽከረክረው ቁጥሩ ይለያያል፤ ፍርዱ ግን ያው ነው።

የጎን ሽክርክር ኳሱን የሚያጥፈው ኳሱ እስከተንሸራተተ ድረስ ብቻ ነው። መንከባለል ከጀመረ በኋላ ያለው አቅጣጫ የመጨረሻው ነው። በቀኙ የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ኳሱ በፊተኛውና በሦስተኛው ፒን መካከል፥ ኪስ በሚባለው ቦታ፥ 6 ዲግሪ ያህል ሰያፍ ሆኖ እንዲገባ ነው። በደረቅ ሌን ግን ገና በ8ኛው ሜትር ታጥፎ ይጨርስና ወይ የፊተኛውን ፒን በግራ በኩል ይመታል፥ ወይም ደክሞ ደርሶ ጥቂት ፒኖች ቆመው ይቀሩበታል። ይህን ያየ ልጅ ክንዱን ይወቅሳል፤ አንጓውንም አብዝቶ ይጠመዝዛል። ጥምዘዛው ግን መታጠፉን ያብሰዋል እንጂ አይፈውሰውም፤ ትርፉ የአንጓ ሕመም ነው።

ታዲያ ገጹ ምን ያደርጋል? የተፈገፈገ ኳስ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ዘይት በበዛበት ሌን ላይ እነዚያ ጥርሶች ዘይቱን አልፈው ወለሉን ስለሚነክሱ መልካም ናቸው። ዘይት በሌለበት ግን ነክሶ የሚያልፈው ነገር ስለሌለ ገና ሳይጀምር ይይዛል። የተወለወለ ገጽ በደረቁ ላይ ያለ ችኮላ ይንሸራተትና ጉልበቱን ለመጨረሻው ክፍል ያቆያል። እንግዲህ በዚህ ክርክር «እንወልውላት» የሚሉት እውነት አላቸው። «እንፈግፍጋት» የሚሉት ወንድሞቻችን በክረምት ሰባ ደረጃን ሲወርዱ የሚለብሱትን ጫማ አስበው ይመስለኛል፤ ለመውረድ የሚነክስ ጫማ ደግ ነው፤ እኛ ግን የምንፈልገው መንሸራተቱን ነው።

አንድ ጓደኛችን ደግሞ «ቲነር ውስጥ እንዘፍዝፋት» ብሎ ነበር። ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዶን ማኪዩን የሚባል አሜሪካዊ ኳሶቹን በኬሚካል ዘፍዝፎ ገጻቸውን አለሰለሰ፤ በዚያው ዓመት ስድስት ውድድር አሸንፎ የዓመቱ ተጫዋች ተባለ፤ ከዚያ በኋላም ስለ ኳስ ጥንካሬ ዝቅተኛ ልክ የሚወስን ደንብ ወጣ። ነገር ግን ማለስለሱ ኳሱን የበለጠ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ከእኛ ችግር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ጭሱም ይመርዛል፥ እሳትም ይጠራል፤ በማደሪያ ክፍል ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

አሠራሩን ከፒያሳ ሊስትሮዎች መማር ይቻላል። ሊስትሮ ጭቃ ላይ ቀለም አይቀባም፤ አስቀድሞ ያጥባል። የእኛ ኳስ ሪአክቲቭ ሬዚን ከሚባለው፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከተስፋፋው ዓይነት ስለሆነች፥ ገጿ ጥቃቅን ቀዳዳ አለውና ዘይት ትጠጣለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ በኳስ ማጽጃ ትጽዳ። ቀጥሎ ለእንስራ ማቶት እንደሚደረገው ጨርቅ ጠቅልሎ ቀለበት ሠርቶ ኳሷን በላዩ ማስቀመጥ። በ2000 ቁጥር፥ ኋላም በ4000 ቁጥር ስስ ማለስለሻ፥ ሁልጊዜ በውኃ እያራሱ፥ በክብ በክብ ማሸት፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ገጹ ይለሰልሳል። አንድ ጎን ብቻ እንዳይጎዳ ኳሷን እያገላበጡ ስድስቱንም ጎን በእኩል ጊዜና በእኩል ክብደት መሥራት ያስፈልጋል፤ የሰው እጅ ሲደክም ስለሚያዳላ ይህን በሰዓት መቁጠር ነው። በመጨረሻም የኳስ ፖሊሽ በንጹሕ ጨርቅ። የጫማ ቀለም አይሆንም፤ ሊስትሮውን ያመሰገንሁት ለሥርዓቱ ነው እንጂ ለቆርቆሮው አይደለም።

የተወለወለች ኳስ አዲስ በተቀባ ሌን ላይ ሞኝ እንደምትሆን መርሳት አይገባም፤ ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ያን ጊዜ በ2000 ቁጥር ፖሊሹን ማንሣት ይቻላል። ሳይነኳትም ቢሆን በጨዋታ ብዛት ብርሃኗ ይደበዝዛል።

ይህ ሁሉ ድካም ከመምጣቱ በፊት ግን ገንዘብ የማያስወጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እግርን ወደ ግራ ማዛወር ነው፤ ዘይቱ በብዙ ቦታ በመካከል ስለሚበዛ ጥቂት ቅባት የሚተርፈው እዚያ ነው። ሁለተኛው ሁላችንም የምንንቃት የቤቱ ኳስ ናት። እርሷ ከፖሊስተር የተሠራች ስለሆነች ዘይት አትጠጣም፥ በደረቅም ላይ ብዙ አትታጠፍም። ጠዋት በራሳችን፥ ማታ በቤቱ ኳስ መጫወት እፍረት የለውም። የቤቱን ኳስ ግን ማንም እንዳይፈገፍግ፤ የእኛ አይደለችምና።

ወደፊት በውድድር ለሚሰለፉም አንድ ቃል፤ ገጹን ማስተካከል የሚፈቀደው ነጥብ መቆጠር ከመጀመሩ በፊት ነው። ከተጀመረ በኋላ ደረቅ ፎጣ ብቻ።

እኛ በመጪው ቅዳሜ በ4000 ወልውለን ልንሞክር ተስማምተናል። አሥር ውርወራ ከመወልወሉ በፊት፥ አሥር ከተወለወለ በኋላ፤ መታጠፊያዋን አንዱ ከጎን ቆሞ ይጽፋል። ከእንጨት ሠራተኛ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተውሶ የመጣው ወንድማችን እስከዚያው ለባለቤቱ ይመልስልን።