ያረጀች ጀልባ ገዝቶ ማደስ ያዋጣልን?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ስምንት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ባሕር ዳር ከውሃ ወጥታ የቆመች አንዲት አሮጌ የብረት ጀልባ ለመግዛት ተማክረን ነበር። ዐሳባችን አድሰን በጣና ደሴቶች መንገደኛ ለማመላለስ ነበር። ዋጋዋ ርካሽ መስሎ ስለ ታየን ቀብድ ለመስጠት ጥቂት ቀርቶን ሳለ፣ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና፣ አንድ የብየዳ ባለሙያ ይዘን ሄደን መረመርናት። ከዚያ የተማርነውን ለጓደኞቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ይኸውም ሞተር፣ መሪ፣ ወንበርና መስኮት ተፈትተው በሌላ ይተካሉ፤ የጀልባዋ አካል ግን ካለቀ ሥራው አዲስ ጀልባ መሥራት ነው እንጂ ማደስ አይባልም። ስለዚህ ምርመራው ከአካል ይጀምራል። ብዙ ገዢ ግን ከቀለሙና ከሞተሩ ድምፅ ስለሚጀምር ይሳሳታል።

1ኛ/ አካል። የጣና ውሃ ጨው የሌለበት ስለ ሆነ ብረትን እንደ ቀይ ባሕር ውሃ ፈጥኖ አይበላውም። ይሁን እንጂ ይህ ሊያዘናጋን አይገባም። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲገናኙበት ነው፤ ስለዚህ ክፉው ዝገት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በውስጥ፣ ከወለሉ ሥር የዝናብ ውሃ በሚተኛበት ስፍራ ነው። እንግዲህ ወለሉን አስነሥቶ ማየት ግድ ነው፤ ባለቤቱ እንቢ ካለ ወደ ቤት መመለስ ይሻላል። ቀጥሎ በትንሽ መዶሻ ላሜራውን በየስንዝሩ መምታት ነው። ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የሳሳው ግን ድፍን ይላል። ስቱኮ ወይም ሲሚንቶ የተለሰነበት ቦታ ካለ ከበስተኋላው ቀዳዳ እንዳለ መገመት ይገባል። ላሜራው ከመጀመሪያ ውፍረቱ ሩቡን ያህል ካጣ ተቆርጦ መለወጥ አለበት።

ይህ በገንዘብ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስላ። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 39 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 12 ካሬ ሜትር የሚለወጥ ቢሆን ወደ 470 ኪሎ ብረት መግዛት ያሻል፤ የቆራጩ፣ የበያጁና የቀለሙ ዋጋ ገና አልተቆጠረም።

ጀልባዋ የእንጨት ብትሆን በመዶሻ ፈንታ የወረንጦ ወይም የቢላዋ ጫፍ ይበቃል። ጫፉ ያለ ችግር ሰጥሞ ከገባ እንጨቱ በስብሷል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዘወትር ውሃ ውስጥ ካለው ክፍል ይልቅ ዝናብ የሚገባበትን የላይኛውን መጋጠሚያ አጥብቆ መመርመር ያስፈልጋል።

2ኛ/ ሞተር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማስነሣት ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀን ምክንያት አለው። የሞተሩ ዘይት ወተት መስሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታል። ጢሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ደግሞም ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አየር የሚገፋበት ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚያ ከኀይሉ አምስት አንድ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በወረቀት የተጻፈውን ኀይል እንዳለ መቀበል አይገባም።

3ኛ/ ድምር። የመግዣውን፣ የአካሉን፣ የሞተሩንና የማጓጓዣውን ወጪ ከደመርን በኋላ ላልታየ ጉዳት ሢሶ እንጨምርበት። ይህንንም ጤነኛ ከሆነችና በሥራ ላይ ካለች ተመሳሳይ ጀልባ ዋጋ ጋር እናስተያይ። ድምሩ ከዚያ ከበለጠ ርካሽ የተባለችው ውድ ናት። ወሰናችንንም ከሻጩ ጋር ከመነጋገራችን በፊት በወረቀት እንጻፍ፤ ጀልባዋን ከወደድናት በኋላ ሒሳብ መሥራት አስቸጋሪ ነውና።

እኛ ያየናት ጀልባ ከወለሏ ሥር በአራት ቦታ ሲሚንቶ ተለስኖባት ተገኘች። 5 ሚሊ ሜትር የነበረው ላሜራ በብዙ ስፍራ 3 ደርሷል። ድምራችንም ከጤነኛዋ ዋጋ በለጠ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ቀለም ቀብተን አንድ ክረምት እናሠራት፤ በትርፉ እናድሳታለን» አለ። ነገሩ አጓጊ ነበር፤ ገንዘቡ ግን የሚገኘው ልጅ ታቅፋ ከምትሳፈር እናት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሞገዱ ሲበረታ ያ ሲሚንቶ ቢለቅ ምን ልንላት ነው? ስለዚህ ተከራክረን፣ በመጨረሻም እርሱ ራሱ ተስማምቶ፣ ለየሰዉ መዋጮውን መለስን።

ይህን ስንል አሮጌ ጀልባ ሁሉ ይጣል ማለታችን አይደለም። አካሏ ጤነኛ ሆኖ ሞተሯ የሞተ ጀልባ ብትገኝ መልካም ግዢ ልትሆን ትችላለች፤ ሞተሯ እየዘመረ አካሏ ያለቀው ግን አትገዛም። ወለሉ ይነሣ፣ መዶሻው ይናገር፣ ከዚያ በኋላ ኪስ ይከፈት።