ሲመሽ ያየነው ሰው

ሬኮ በገባን ሰሞን ነው። ለማታው ትምህርት ተሰብስበን ሳለ አንድ አባት ተነሡና፣ «ትናንት ሲመሽ ከእንሰቱ መካከል ቡናዬን ይዞ የወጣው እገሌ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። እገሌ የተባለው ሰው ግን በዚያ ሰዓት ከእኛ ጋር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥር ነበር። ታዲያ አባት ዋሹ? አልዋሹም። ያዩት ምንድን ነው?

ዓይን ብርሃን ያስገባል እንጂ ሰው አይለይም። የሚለየው አንጎል ነው። በአንጎል ታችኛ ክፍል፣ ከጆሮ ወደ ኋላ፣ ይበልጡን በስተቀኝ፣ ፊት ስናይ የሚተጋ ሥፍራ አለ። አንጎል ሁሉ ነገር ተሟልቶ እስኪደርሰው አይጠብቅም። ከለመደው ተነሥቶ «ይሄ እገሌ ሳይሆን አይቀርም» ይልና ዓይን ካመጣለት ጋር ያመሳክራል። በብርሃን ግምቱ ይታረማል። ሲመሽ ወይም ጉም ሲወርድ ግን የሚያርመው ያጣል፤ ግምቱ ራሱ ሰው ሆኖ ይታያል።

ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፊደል ስትጀምሩ «ቡ»ን ለብቻ፣ «ና»ን ለብቻ ትለቅሙ ነበር። አሁን ጫፉን እንዳያችሁ «ቡና» ትላላችሁ። «ቡላ» ተብሎ ቢጻፍም «ቡና» ብላችሁ የምታልፉ አላችሁ። እኛም ዩኒቨርሲቲ ገብተን እናደርገዋለን።

መሞከር የሚሻ ከጭቃ የሰው ፊት ይሥራ። ሲደርቅ አመድ ነስንሶ በላዩ እርጥብ ጭቃ ይለጥፍና ቀስ ብሎ ያላቀው። የጎደጎደውን በኩል ራቅ ብላችሁ በአንድ ዓይን እዩት። ጉድጓድ መሆኑን እያወቃችሁ እንኳ አፍንጫው ወደ እናንተ የወጣ ይመስላል! ዕድሜ ልካችንን ጎድጓዳ ፊት ስላላየን አንጎል አይቀበለውም። በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ላይም ጥቂት ጭረት ፊት ሆኖ የሚታየን በዚሁ ልማድ ነው።

ልማዱ ከሕፃንነት ይጀምራል። በ1994 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው የ6 ወር ሕፃን አንዱን ዝንጀሮ ከሌላው በፊቱ ይለያል፤ በ9 ወሩ ግን የሰውን እንጂ የዝንጀሮውን አይለይም። ፈረንጆች ሁሉ አንድ የሚመስሉን፣ እኛም ለእነሱ አንድ የምንመስለው፣ ስላልተላመድን ነው።

ወደ አባት እንመለስ። ከእገሌ ጋር ቀድሞ በድንበር ተጣልተው ኖሯል። ሽማግሌዎቹ፣ «ምን ያህል ይርቅ ነበር? ፊቱን ነው ጀርባውን ያዩት?» ብለው ጠየቋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ጋቢውን ነው ያየሁት» አሉ።