ለማኅበር የሚገዛ ያገለገለ ፒክአፕ መኪና፤ የሞተሩ አመራመር

በገጠር የሚገኙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ወተት ለመሰብሰብ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለማመላለስ፣ የአባሎቻቸውንም ምርት ገበያ ለማድረስ ፒክአፕ መኪና ያስፈልጋቸዋል። አዲስ መኪና ለመግዛት አቅሙ ያለው ማኅበር ግን ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ስለ ጣለ፣ ማኅበራት የሚገዙት ብዙውን ጊዜ በአገር ውስጥ መንገድ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራ መኪና ነው። ለዚህም የሚከፈለው የአባሎች የዕጣ ገንዘብ ስለሆነ፣ የልማት ሠራተኛው ከግዥ ኮሚቴው ጋር ሆኖ ምን መመልከት እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ መካኒክ ይሆናል ማለት አይደለም። መካኒክ መጥራት የግድ ነው። ሆኖም ሻጩ በመረጠው ሰዓት፣ አስቀድሞ ተነሥቶ በሞቀ ሞተር ላይ የሚደረግ ምርመራ ለጥሩ መካኒክም ቢሆን ብዙ ነገር ይደብቃል። ስለዚህ ኮሚቴው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈጽመው ነገር መኪናው ካደረበት ቦታ፣ በማለዳ፣ ኮፈኑ ሲነካ ቀዝቃዛ እንደሆነ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል።

ሞተሩን ለይቶ ማወቅ

በገጠራችን በብዛት የሚታየው ቶዮታ ሃይሉክስ ስለሆነ እርሱን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን። በስም አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ሞተር እንደ ዘመኑ የተለያየ ነው።

በቀድሞዎቹ ላይ የሚገኙት የናፍጣ ሞተሮች 2ኤል (2,446 ሲ.ሲ.)፣ 3ኤል (2,779 ሲ.ሲ.) እና 5ኤል (2,986 ሲ.ሲ.) ይባላሉ። ፖምፓቸው ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ በመሆኑ በወረዳ ከተማ ያለ መካኒክም ይጠግናቸዋል። ጉልበታቸው መጠነኛ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን በአግባቡ ከተያዙ ረጅም ነው። ደካማ ጎናቸው ቴስታታው ነው። በተለይ 2ኤል ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ጀምሮ በወጡት ላይ ደግሞ 2ኬዲ (2,494 ሲ.ሲ.) እና 1ኬዲ (2,982 ሲ.ሲ.) የተባሉት ሞተሮች ተተክተዋል። እነዚህ ናፍጣን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኤሌክትሪክ በሚታዘዙ ኢንጀክተሮች የሚረጩ ናቸው። ጉልበታቸው የተሻለ፣ የናፍጣ ፍጆታቸውም ቁጥብ ነው። ነገር ግን ውኃና ቆሻሻ ያለበትን ናፍጣ ፈጽሞ አይችሉም። ማደያ በሌለበት አካባቢ ከበርሜል በጄሪካን እየተቀዳ ናፍጣ ሲሞላለት የኖረ ኬዲ ሞተር ከሆነ፣ የኢንጀክተሮቹ ዋጋ በመኪናው ዋጋ ላይ እንደሚጨመር ተቆጥሮ ድርድር መደረግ አለበት።

በኬዲ ሞተሮች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። በኢንጀክተሩ ሥር ያለችው ትንሽ ማሸጊያ ቀለበት ማፍሰስ ስትጀምር የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል። ዘይቱ እንደ ዝፍት እየወፈረ በካርተሩ ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል፤ በመጨረሻም ዘይት ያጣ ብሮንዚን ይነክሳል። ሞተሩ እስከዚያች ቀን ድረስ መልካም መስሎ ሊሠራ ይችላል። ሥራው ከባድ ባይሆንም ብዙ ሻጮች ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ እንዲታይ አይፈቅዱም፤ የፈቀደ ሻጭ ቢገኝ ዕድሉ አይታለፍ።

ሞተር በብዛት የሚሞተው በሙቀት ነው

ብዙ ኮሚቴዎች የሚጠይቁት የተነዳውን ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሊመለስ ስለሚችል፣ እውነተኛም ቢሆን የሞተሩን ታሪክ ስለማይነግር፣ በእርሱ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ሞተር ስንት ጊዜ ፈልቷል የሚለው ነው።

ነገሩ ለደጋ አገር የበለጠ ይከብዳል። በባሕር ጠለል ከፍታ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ በሆነው በደብረ ብርሃን ግን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት በመያዝ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ላስቲኩ የተበላ ወይም ከሌላ መኪና የመጣ ክዳን ያለው ፒክአፕ በደጋ ዳገት ላይ ውኃውን እያፈላ ይተፋል፤ ውኃ ያጣ ቴስታታም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ከመለዋወጫዎች ሁሉ እጅግ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ይህ ክዳን ሲሆን፣ የሚያስከትለው ጥፋት ግን ሞተር ማውረድ ነው።

ጸሐፊው የሚያውቀው አንድ የወተት ማኅበር ቀለሙ አዲስ የሆነ፣ ወንበሩ የተለበደ 2ኤል ፒክአፕ ገዝቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወተት እንደጫነ ዳገት ላይ ፈላ፤ የዚያን ቀንም ወተቱ ተበላሸ። ሲፈታ ቴስታታው ቀደም ሲል ተሰንጥቆ የተበየደ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሌላ ቴርሞስታቱ ተነሥቶ ነበር። ሙቀት ያስቸገረውን ሞተር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መሸጥ የተለመደ ነው። ውኃው ሳይቆም ስለሚዞር ሞተሩ በከተማ ውስጥ ሲነዳ የሚሞቅ አይመስልም። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላም ከታች ካልተነሣ፣ “መኪናው አይሞቅም” ብሎ መደሰት ሳይሆን ቴርሞስታቱ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በቀዝቃዛ ሞተር የሚደረግ ምርመራ

በመጀመሪያ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ውኃው ይታያል። በላዩ የዘይት ቅባት የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ወተት እንደተጨመረበት ሻይ ከነጣ፣ ውኃና ዘይት እየተገናኙ ነው። ጥፋቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም የራሱ የቴስታታው መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ውኃው ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ የወንዝ ውኃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር ነው፤ ውስጡ በከፊል ተደፍኖ ይሆናል።

ቀጥሎ ክዳኑ ተገጥሞ ሞተሩ ይነሣል። ወዲያውኑ ከራዲያተሩ በላይ በኩል ያለውን ወፍራም ጎማ በእጅ መጨበጥ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጎማው ጠንክሮ ከተወጠረ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውኃው እየገባ ነው ማለት ነው። ይህ ቀላል ምርመራ በሞቀ ሞተር ላይ ዋጋ የለውም፤ ማለዳ መምጣት የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ጭሱንም ማየት ይገባል። በብርድ አገር ማለዳ ለአጭር ጊዜ የሚወጣ ነጭ ጭስ ጥፋት አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆም፣ የራዲያተሩንም ውኃ የሚያጎድል ነጭ ጭስ ግን የቴስታታ ጉዳይ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ጥቁር ጭስን በተመለከተ መቸኮል አያስፈልግም፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ አሮጌ ኤል ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ማጨሱ የተለመደ ነው፤ የታፈነ የአየር ፊልትሮም ያንኑ ያመጣል።

ሞተሩ ሳይጠፋ የዘይት መሙያው ክዳን ፈታ ተደርጎ በቦታው ላይ ይቀመጥ። ክዳኑ እየዘለለ ከወደቀ፣ ጭስም በኃይል ከወጣ፣ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። በዚህን ጊዜ መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን በመሣሪያ እንዲለካ ይደረጋል።

ጭኖ ዳገት መውጣት

ባዶ መኪና በአስፋልት ላይ መንዳት ምርመራ አይባልም። መኪናው ወደ 10 ኩንታል ገደማ ይዞ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ያህል ረጅም ዳገት ይውጣ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ለሞተር ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ሁሉም አካባቢ የራሱ ዓባይ በረሃ አለው፤ ማኅበሩ በየዕለቱ የሚጠቀምበት ዳገት ከሆነ ይበልጥ ይመረጣል። መርፌው ከመካከል አልፎ እየወጣ ከሄደ ወዲያው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ይቆይ። ሞቆ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይከፍት፤ የሚፈናጠረው ውኃ ፊት ያቃጥላል።

ስለ ቺንጋና ስለ ወረቀት

ከላይ የተጠቀሱት ሞተሮች ሁሉ ቫልቮቻቸውን የሚያዞሩት በጥርስ ቺንጋ ነው። የሚለወጠውም በኤል ሞተሮች በየ100,000 ኪሎ ሜትር፣ በኬዲዎቹ በየ150,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በብዙዎቹ ክሩስኮት ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት ቢኖርም፣ ቺንጋው ሳይለወጥ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ስለሚቻል እምነት አይጣልበት። ደረሰኝ ካልቀረበ እንዳልተለወጠ ይቆጠር።

የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ ይቆማል፤ መኪናውም በማኅበሩ ግቢ የቆመ ብረት ሆኖ ይቀራል። የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ሆኖ፣ መካኒኩ ፈርሞበት፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ለኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይያያዝ።

በጀት ሲያዝ ሁሉም ገንዘብ ለሻጩ አይሰጥ። መኪናው እንደተረከበ፣ ጭነት ሳይነካ፣ የጥርስ ቺንጋው፣ ቴርሞስታቱ፣ የራዲያተሩ ክዳንና ጎማዎቹ፣ የሞተር ዘይቱ፣ የዘይቱና የናፍጣው ፊልትሮ ይለወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሾፌሩም በየማለዳው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የውኃውንና የዘይቱን መጠን አይቶ በመዝገብ እንዲጽፍ፣ መዝገቡንም የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ በየሳምንቱ እንዲመለከተው ይደረጋል።