ዋይፋዩ ሞልቶ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ

ወጣቶች! የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቀን የስልካችሁ የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ሆኖ ገጹ ግን አልከፈት ብሏችሁ አያውቅም? አምበርም ሆነ ቢቸና ብንሆን ቶሎ የምንለው «ዋይፋዩ ተበላሸ» ነው። ምልክቱ የሚነግረን ግን ከስልካችን እስከ ቤቱ ሳጥን ድረስ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

በዚያ ሳጥን ውስጥ ሞደምና ራውተር አብረው ይኖራሉ። ሞደሙ በስልክ ሽቦ የሚመጣውን ምልክት ወደ ዳታ ይለውጣል፤ ሲም ካርድ የሚገባበት ከሆነ ከኔትወርክ ማማ ይቀበላል።

ራውተሩን ለመረዳት ትምህርት ቤታችሁን አስቡት። የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ አንድ ነው፤ ደብዳቤው ግን የብዙ ሰው ነው፤ ጸሐፊዋ ስም እያየች ታድላለች። ራውተርም በውጭ የሚታወቅበት አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። በቤት ውስጥ ግን ለየስልኩ እንደ 192.168.1.5 ያለ ቁጥር ይሰጥና ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ መልሱን ለጠያቂው ያደርሳል። እንዲህ የተደረገው ነባሮቹ የኢንተርኔት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ ነው፤ ለዓለም ስልክ ሁሉ አይበቁም።

እንግዲህ ቤተሰብን አዲስ ራውተር ግዙ ከማለታችሁ በፊት ሞክሩት። ብራውዘር ላይ ከሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ አስገቡ። የራውተሩ ገጽ ከተከፈተ ዋይፋዩ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ሌላ ድረ ገጽ ክፈቱ። እምቢ ካለ ችግሩ ከመስመሩ ሊሆን ይችላል። ከተከፈተ ግን የተጨናነቀው የውጤቱ ገጽ ሳይሆን አይቀርም፤ ማታ ሰው ሲቀንስ ሞክሩት።